ከቀዶ ሕክምና በኋላ ችግር የገጠማትን ጊኒ ፒግ በቤት ማስታመም

ጊኒ ፒግ፣ ሣር በል የሆነችው ትንሽ የቤት እንስሳ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቤት ስትገባ የቤተሰቡ ዓይን ሁሉ ስፌቱ ላይ ነው። እንስሳዋን የሚጥላት ግን ብዙ ጊዜ ከቁስሉ ቀድሞ ባዶ ሆዷ ነው። የጊኒ ፒግ አንጀት የውሃ ወፍጮ ይመስላል፤ ከላይ ድርቆሽ ካልወረደለት አይዞርም። ቀንም ሌሊትም ትንሽ ትንሽ እየበላች የምትኖር እንስሳ ስለሆነች ሆዷ ባዶ መሆንን አልለመደም። ሲያማት መብላት ታቆማለች፤ መብላት ስታቆም አንጀቷ ይዘገያል፤ የዘገየ አንጀት ጋዝ ይቋጥራል፤ ጋዙ ያማታል፤ ሕመሙ ደግሞ ምግብ ጭራሽ ያስጠላታል። ማስመለስም አትችልም፤ ውስጥ የገባው በአፍ ተመልሶ አይወጣም።

ስለዚህ የማስታመሙ ቅደም ተከተል ሙቀት፣ ሕመም፣ ሆድ፣ ከዚያ ቁስል ነው። ቁስሉ የመጨረሻ የሆነው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ የበረዳት፣ የሚያማት ወይም ያልበላች ጊኒ ፒግ ቁስሏ ስለማይድን ነው።

ከሕክምና ቦታው ሳትወጡ

እንስሳዋን ከመረከባችሁ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ነገር፣ በተለይ ልጆች ለወላጆቻቸው በሚያስተረጉሙበት ቤት፣ መኪና ውስጥ ሲገባ ተምታቶ ይገኛል።

የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ በስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ፣ በየስንት ሰዓቱና ለስንት ቀን እንደሆነ ይጻፍላችሁ። የመጨረሻው መጠን በስንት ሰዓት እንደተሰጣትም ጠይቁ፤ ያለዚያ ማታ ላይ ልትደግሙባት ወይም ልታዘልሉባት ትችላላችሁ። ስሪንጁ ላይ መጠኑ የሚደርስበትን መስመር በእስኪርቢቶ ወይም በማርከር ያስምሩላችሁ። ስፌቱ በራሱ የሚሟሟ ነው ወይስ የሚወጣ? የሚወጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከነቃች በኋላ በልታለች? በጠጥ ጥላለች? በመጨረሻም ሌሊት ወይም እሑድ ቢብስባት ጊኒ ፒግ የሚያክም ሐኪም የት እንደሚገኝ ስልኩን ያዙ። ውሻና ድመት ብቻ የሚያይ ሐኪም ሁሉ ጊኒ ፒግ አያክምም፤ ይህን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት መፈለግ ከባድ ነው።

በስሪንጅ ማብላትን እዚያው በዓይናችሁ ፊት አንድ ጊዜ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ማደሪያውን ማዘጋጀት

የእንጨት ፍቅፋቂና ሰጋቱራ አውጡ። ቁስል ውስጥ ይገባል፣ ይጣበቃል፣ አቧራውም ሳንባ ያስቸግራል። በቦታው ንጹሕ ፎጣ ወይም ለስላሳ የፖላር ጨርቅ አንጥፉ። ነጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ደም፣ መግልና የሽንት ቀለም ነጭ ላይ አይደበቅም። በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ የሆድ ቁስል ካለ ደግሞ በረጠበ ቁጥር ለውጡ። ጊኒ ፒግ ሆዷ መሬት ይነካል፤ በሽንት የራሰ ጨርቅ ላይ የምትተኛ ከሆነ ቁስሉ ሽንት ውስጥ እንደተነከረ ቁጠሩት።

ደረጃና መወጣጫ ካለ አንሱ። የምትደበቅበት አንድ የካርቶን ሳጥን ተዉላት፤ መደበቂያ ያጣች እንስሳ በፍርሃት ብቻ መብላት ታቆማለች። ውሃ በጠርሙስም በጎድጓዳ ሳህንም አስቀምጡ፤ አንገቷን ቀና ማድረግ የሚያማት ከሆነ ከሳህኑ ትጠጣለች። ድርቆሹ አፍንጫዋ ሥር ይሁን።

ክፍሉ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ከማደንዘዣ የወጣች ትንሽ እንስሳ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀንና ሌሊት 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ በማደሪያዋ አንድ ጎን ብቻ አስቀምጡ። ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ሲሞቃት ራሷ ትሸሻለች። ጠርሙሱን በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ ቀይሩ። የቀዘቀዘ ጠርሙስ አጠገቧ ከተረሳ መልሶ ሙቀት ይስብባታል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ ከሆነ ሽቦውን እንዳትቆረጥመው ከማደሪያው ውጪ ይሁን። ከመጠን ያለፈ ሙቀትም አደጋ ነው፤ ጊኒ ፒግ ሙቀትን ከብርድ ባልተናነሰ ትፈራለች።

ጓደኛ ካላት ጭራሽ አትለያዩዋቸው። ብቻዋን ክፍል ውስጥ የተዘጋባት ጊኒ ፒግ ድምጿ ይጠፋል፣ ምግቧም ይቀንሳል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ጊኒ ፒግን ያለ ጓደኛ ማኖር በሕግ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጓደኛዋ ስፌቱን የሚልስ ወይም የሚያሳድዳት ከሆነ በመካከላቸው የሽቦ አጥር አድርጉ፤ ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ አንዷ ድርቆሽ ስትቆረጥም ሌላዋም ትጀምራለች።

የዕለት መዝገብ

የማዕድ ቤት ሚዛን፣ ደብተርና እስክሪቢቶ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣሉ። ጊኒ ፒግ በተፈጥሮዋ የሚታደን እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች። ፊቷን አይታችሁ "ደህና ናት" ማለት አትችሉም፤ ቁጥሩ ግን አይደብቅም።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከምግብ በፊት መዝኗት። የአዋቂ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ700 እስከ 1200 ግራም ነው። የ30 ወይም የ40 ግራም ከፍና ዝቅ የሽንትና የምግብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበራት 10 በመቶ ከቀነሰች ግን፣ ማለትም 900 ግራም የነበረችው 810 ከደረሰች፣ በዚያው ቀን ለሐኪም ደውሉ።

በጠጧን ቁጠሩ። ጤነኛ ጊኒ ፒግ በቀን ከመቶ በላይ ትጥላለች፤ እንደ ፍየል በጠጥ ሞላላ፣ ወጥና ቡናማ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመጀመሪያው ቀን ማነሱ ይጠበቃል። እያነሰ፣ እየደረቀ፣ እየሾለ ወይም በፀጉር እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ ከመጣ አንጀቱ እየዘገየ ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ ምንም ካልጣለች ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ጨርቁን በቀየራችሁ ቁጥር ቆጥራችሁ ጻፉ፤ "ትንሽ አይቻለሁ" የሚል መዝገብ ለሐኪም ምንም አይነግርም።

የሰውነት ሙቀቷ ከ37.2 እስከ 39.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሐኪሙ አሳይቷችሁ ከሆነ ጫፉ የሚተጣጠፍ ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ቫዝሊን ቀብታችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በፊንጢጣዋ ማስገባት ይቻላል። ካልለመዳችሁት ጆሮዋንና እግሯን ዳስሱ፤ ሁለቱም ከበረዱና ሰውነቷ ከዛለ ቀድሞ ሙቀት ያስፈልጋታል።

በስሪንጅ ማብላት

ራሷ መብላት እስክትጀምር መጠበቅ ትልቁ ስህተት ነው። ቤት ከገባች በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ድርቆሽ ካልነካች ማብላት ጀምሩ።

ሁለት ነገር ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ። አንደኛ፣ በርዷት ከሆነ መጀመሪያ አሙቋት፤ የበረደ አንጀት ስለማይንቀሳቀስ ምግቡ እዚያው ይቀመጣል፤ የዛለች እንስሳም መዋጥ ያቅታትና ወደ ሳንባዋ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሆዷን በጣታችሁ ጫፍ በቀስታ ንኩ። እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከሆነና ስትነኩት ካመማት ምንም አታብሏት፤ ጨጓራዋ በጋዝ ተነፍቶ ወይም ተጠምዝዞ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዷት።

ምግቡ ለሣር በል ትናንሽ እንስሳት የተዘጋጀ የሕሙማን ዱቄት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦክስቦው ክሪቲካል ኬርና ኤመርኤይድ ሄርቢቮር፣ ጀርመን ውስጥ ደግሞ ሮዲኬር ኢንስታንት የሚባሉት ይገኛሉ። የክሪቲካል ኬር በደቃቁ የተፈጨው ዓይነት ስሪንጅ አይደፍንም፤ ሸካራው የበለጠ አሰር (ፋይበር) ስላለው ለአንጀት ይሻላል፣ ነገር ግን ሰፊ አፍ ያለው ስሪንጅ ይፈልጋል። አንድ እጅ ዱቄት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጅ ለብ ያለ ውሃ ጋር በጥብጡና ጥቂት ደቂቃ ተዉት፤ ይወፍራል። ከስሪንጁ ሲገፋ እንደ ቀጠን ያለ ገንፎ መውጣት አለበት። በጣም ከወፈረ ይደፈናል፣ ስትገፉትም ድንገት ተወርውሮ ያንቃታል፤ በጣም ከቀጠነ ደግሞ ሆዷን በውሃ ትሞሉታላችሁ። የተበጠበጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ዱቄቱ ሌሊት ቢያልቅባችሁ የራሷን የቲሞቲ ሳር እንክብል መኖ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ፣ ፈጭታችሁና በወንፊት አጥልላችሁ እስከ ንጋት መጠቀም ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። በሐበሻ ቤት ለታመመ ሁሉ አጥሚት ይደርሳል፤ ትልልቆቹ "ትንሽ ማርና አጥሚት ብታቀምሷት" ማለታቸው አይቀርም። ከፍቅር ነው። ግን የእህል ዱቄት፣ ስኳር፣ ወተትና ማር አንጀቷ ውስጥ ጋዝ የሚፈጥሩ ጀርሞችን ያራባሉ። እንጀራና ዳቦም እንደዚያው። እሷ የምትፈልገው አሰር፣ ማለትም ሣር ነው።

መጠኑን በክብደቷ አስሉ። በቀን ለአንድ ኪሎ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋታል። ለ900 ግራም ይህ ከ54 እስከ 72 ሚሊ ሊትር ነው፤ በስድስት ጊዜ ሲከፈል በአንድ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ከተቀበለች ደጋግማችሁ አብሏት። በየሦስትና አራት ሰዓቱ ይሁን፤ ሌሊትም ቢያንስ አንድ ጊዜ ተነሡ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው።

1. በፎጣ ጠቅልሏት፤ አራቱም እግሮቿ መሬት ላይ ወይም ጭናችሁ ላይ ይረፉ። በጀርባዋ አታስተኟት። የሆድ ስፌት ካላት ፎጣው እንዳያጠብቀው ተጠንቀቁ።

2. ባለ 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ጫፉን ቆርጣችሁ ስለቱን በጥፍር ሞረድ አለስልሱ፤ አለዚያ ድዷን ይቆርጣል። አንድ በአንድ እየሞሉ ማብላት እንዳይቆራረጥ አምስት ስድስቱን ሞልታችሁ ደርድሩ።

3. ከፊት ለፊት አትግቡ። ከፊት ጥርሶቿ ኋላ እስከ መንጋጋዎቿ ድረስ ባዶ ቦታ አለ፤ ስሪንጁን ከጎን በዚያ አስገብታችሁ ወደ ተቃራኒው ጉንጭ አቅጣጫ አድርጉት።

4. ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ግፉና አቁሙ። አኝካ እስክትውጥ ጠብቁ። የጊኒ ፒግ ጉሮሮ መግቢያ ጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የተገፋ ብዙ ምግብ መሄጃ የለውም።

5. ካሳላት ወይም በአፍንጫዋ ከወጣ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘንበል አድርጉ፣ አጽዱላት፣ እስክትረጋጋም ተዉአት።

6. ሲጨርሱ አገጯንና ደረቷን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የደረቀ ምግብ ቆዳዋን ያቆስላል።

ካላኘከች፣ ምግቡ ዝም ብሎ ጉንጯ ውስጥ ከተቀመጠ፣ መግፋት አይጠቅምም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በቂ ማስታገሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ደውላችሁ ይህንኑ ተናገሩ።

ቫይታሚን ሲ የግድ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ራሷ መሥራት አትችልም፤ ሲጎድልባት ቆዳ የሚያያይዘው ኮላጅን አይሠራምና ቁስሉ ይከፈታል። ለታመመች በቀን ለአንድ ኪሎ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለውንም ቁጠሩ። የመጠጥ ውሃዋ ውስጥ አትጨምሩት፤ በብርሃን ይበላሻል፣ ጣዕሙ ተቀይሮም ውሃ ትተዋለች። በቀጥታ በስሪንጅ ስጧት። የፈረንጅ ቃሪያ ቁራጭና ትኩስ የድንብላል ቅጠል ያስጎመጇታል። ጥቅል ጎመን ግን አንጀቷ እስኪስተካከል ይቅር፤ ጋዝ ያበዛል።

መድኃኒት

የሕመም ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጥ። "ዛሬ ደህና ትመስላለች" ተብሎ በሁለተኛው ቀን የሚቋረጥ ማስታገሻ በሦስተኛው ቀን ምግብ ያስቆማል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜሎክሲካም በፈሳሽ መልክ ሲመጣ ለድመት የተዘጋጀው በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም፣ ለውሻ የተዘጋጀው 1.5 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሦስት እጥፍ ልዩነት ነው። ቤት ካለ የውሻ ጠርሙስ በድመቱ ልክ ከሰጣችኋት ኩላሊቷን ትጎዳላችሁ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ከታዘዘው ጋር መመሳሰሉን ሁልጊዜ አንብቡ፣ ከመቅዳታችሁ በፊትም አነቃንቁት። የሰው ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን አይሰጥም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከፋው። አሞክሲሲሊን በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም፤ ለሰው የተረፈውን ለእንስሳዋ መስጠት ግን ሊገድላት ይችላል። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ እንደ ሴፋሌክሲን ያሉትም አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። ቦታው ባዶ ሲሆን ክሎስትሪዲየም የሚባለው ዘር ይራባና መርዝ ይረጫል፤ ተቅማጥ ይጀምራታል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ትሞታለች። ጊኒ ፒግ ያልለመደ ሐኪም ከእነዚህ አንዱን በአፍ የሚሰጥ አድርጎ ቢያዝ "ለጊኒ ፒግ ይሆናል?" ብላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዙት ኤንሮፍሎክሳሲን፣ ትራይሜቶፕሪም ከሰልፋ ጋር፣ ክሎራምፌኒኮልና ሜትሮኒዳዞል ናቸው። ሜትሮኒዳዞል እጅግ መራራ ነው፤ ከምግብ በፊት ከሰጣችሁት አፏን ትዘጋባችኋለች። ከምግብ በኋላ ይሁን።

ቁስሉ

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ በጥሩ ብርሃን ተመልከቱት። ከተመሳሳይ ርቀት በስልክ ፎቶ አንሡ፤ የትናንቱን ከዛሬው ጋር ማወዳደር የምትችሉት በፎቶ እንጂ በትዝታ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጠርዙ ሮዝ፣ ትንሽ ያበጠና ደረቅ መሆኑ ጤና ነው። ከቆዳው ሥር እንደ ስንዴ ፍሬ የሚዳሰሱ ጠንካራ ነገሮች የክሩ ቋጠሮዎች ናቸው። ለስላሳ፣ ውሃ የቋጠረ፣ የማይሞቅና የማያም እብጠት ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመጠጣል፤ አሳዩት እንጂ በመርፌ አትውጉት። ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚያድግ፣ የሚሞቅ፣ የሚረጥብ ወይም የሚሸት ከሆነ ግን መግል እየቋጠረ ነው።

የጊኒ ፒግ መግል ከሰው ይለያል። እንደ አይብ ወፍራምና ነጭ ስለሆነ በራሱ አይፈስም፣ አንቲባዮቲክም ወደ ውስጡ አይገባም። ስለዚህ ሐኪሙ ይከፍተዋል፣ ይጠርገዋል፣ ብዙ ጊዜም ሳይሰፋው ክፍት አድርጎ ይመልሳታል። ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ቀዳዳ ያላት እንስሳ ተሰጥቷቸዋልና። ክፍት የተተወው ከታች ወደ ላይ እንዲድን ተብሎ ነው። ቆዳው ቀድሞ ከተዘጋ መግሉ ውስጥ ይቀራል፣ በሳምንቱም ያብጣል። የእናንተ ሥራ ቶሎ እንዳይዘጋ መጠበቅ ነው።

አጠባው በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ። ኖርማል ሳላይን ከፋርማሲ ግዙ፤ ከጠፋ አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 9 ግራም ጨው ጨምሩና እስኪለብ አቀዝቅዙት። በየቀኑ አዲስ ሥሩ። እንስሳዋን ፎጣ ላይ አስቀምጡ፣ አንድ ሰው ይያዛት፣ አፍንጫዋ ሥር የድንብላል ቅጠል ይቀመጥ። ቅርፊት ከዘጋው በሳላይን የራሰ ጎዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ አስቀምጡበትና ሲለሰልስ በቀስታ ጥረጉት፤ ደረቁን አትንጩ። መርፌ በሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን እጠቡ። ውሃውን በኃይል አትርጩ፤ ጀርሙን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ዙሪያውን በንጹሕ ጎዝ አድርቁ፣ ሆዷ ሳይደርቅ አትመልሷት። ውስጡ እርጥብ፣ ቀይ ሮዝና ትንንሽ ፍሬ የመሰለ ከሆነ እየዳነ ነው። ግራጫ፣ ጥቁር ወይም የሚሸት ከሆነ ሥጋው እየሞተ ስለሆነ አሳዩት።

አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አዲሱን ሥጋ ያቃጥላሉ። የሰው ቅባት አትቀቡ፤ ትልሰዋለች፣ አንዳንዱም ከላይ ከተዘረዘሩት ለእሷ አደገኛ አንቲባዮቲኮች ጋር የሚቆጠር ባሲትራሲን የያዘ ነው። ለደም ማቆሚያ የተፈጨ ቡና፣ ለቁስል ማር፣ ቅቤ ወይም ነጭ ሽንኩርት የሚሉት የአገር ቤት ዘዴዎችም እዚህ አይሠሩም። በሞቃት ወራት ዝንብ ቁስል ላይ እንቁላል ስለሚጥል ማደሪያዋን በአጎበር ሸፍኑ።

ስፌቱን ከቆረጠመች ቀድሞ የሚታሰበው አፏ ስፌቱ ጋ እንዳይደርስ አንገቷ ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ ኮሌታ ነው። ለጊኒ ፒግ ግን መጨረሻ ላይ ካልሆነ አይመከርም፤ ከፊንጢጣዋ በቀጥታ የምትበላውን ለስላሳ አይነ ምድር ይከለክላታል፣ ከዚያ የምታገኛቸውን ቫይታሚኖችም ታጣለች። የምትቆረጥም እንስሳ ብዙ ጊዜ የምትቆረጥመው ስላመማት ወይም ክሩ ስላሳከካት ነው፤ የማስታገሻው መጠን ይታይላት።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም

በአፍ መተንፈስ፤ የተወጠረ ሆድ፤ መዛልና መብረድ፤ ጥርስ ማፋጨትና ጀርባ አጉብጦ ጥግ መያዝ፤ 12 ሰዓት ያለ በጠጥ፤ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፤ ሽንት ለመሽናት እየጮኸች አለመውጣት፤ የማይቆም ደም። ስፌቱ ተከፍቶ አንጀት ከታየ በሳላይን በራሰ ጎዝ ሸፍናችሁ፣ ለመመለስ ሳትሞክሩ፣ እንዳይደርቅ እያራሳችሁ ውሰዷት። ስትጓዙ ሞቅ ያለ ጠርሙስና ጓደኛዋ አብረዋት ይሂዱ።

እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት

ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማፍሪያዋ) ላይ የነበረ ውሃ የቋጠረ እባጭ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሆዷ ሰፊ ስለሚቀደድ አንጀቷ የሚዘገይበት ዕድል ከሌሎቹ ይበልጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንቅልፍ አይኖርም ብላችሁ ተዘጋጁ። ከሽንት ፊኛዋ ድንጋይ የወጣላት ለጥቂት ቀናት ሽንቷ ደም ቢቀላቀልበት ይጠበቃል፤ ውሃ ይብዛላት፣ ቅጠሎቿንም በውሃ አርሳችሁ ስጡ። ድንጋዩ አብዛኛውን ጊዜ የካልሲየም ነውና አልፋልፋ አቁሙ፣ ፐርስሊና ስፒናች ይቀንሱ። የተኮላሸ ወንድ ቁስሉ ከመራቢያው አጠገብ ስለሆነ መግል የመቋጠር አደጋው ከፍ ይላል። ከሴት ጋር ደግሞ ለ6 ሳምንት አታገናኙት፤ ውስጡ የቀረው ዘር እስከዚያ ድረስ ሊያስረግዝ ይችላል።

ከስሪንጅ ማላቀቅ

ድርቆሽ ስትቆረጥም በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላም ስሪንጁን በአንድ ቀን አታቁሙ። መጀመሪያ የቀኑን አንድ ማብላት ዝለሉ፤ የሌሊቱን በመጨረሻ አቁሙ። ክብደቷ ለሁለት ተከታታይ ቀናት ካልወረደ ሌላ አንድ ጨምሩና ዝለሉ። ከወረደ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ቅጠል መብላቷ ብቻ አያታልላችሁ፤ የታመመች ጊኒ ፒግ የድንብላል ቅጠል እየበላች ድርቆሽ ልትተው ትችላለች፤ አንጀቷን የሚያዞረው ድርቆሹ ነው።

ሁለትና ሦስት ሳምንት በስሪንጅ የኖረች እንስሳ ሌላ ጣጣ ይጠብቃታል። ጥርሶቿ ዕድሜ ልክ ያድጋሉ፤ የሚያሳጥራቸው ድርቆሽ ማኘክ ነው። ሳታኝክ የቆየች እንደሆነ የታች መንጋጋዎቿ ወደ ውስጥ ተጋድመው ምላሷ ላይ ድልድይ ሊሠሩ ይችላሉ። ወደ ምግቡ ሄዳ አንስታ የምትጥለው ከሆነ፣ አገጯ በምራቅ ከራሰ፣ ወይም ቁስሉ ድኖ ሳለ ክብደቷ ከቀነሰ የመንጋጋ ጥርሶቿን በመሣሪያ የሚያይ ሐኪም ጋር ውሰዷት። የፊት ጥርሶቿ ደህና መምሰላቸው ስለ ኋላዎቹ ምንም አይናገርም። ስፌቱ ከወጣ በኋላም ለሁለት ወር ያህል በሳምንት አንድ ጊዜ መዝኗት።